ታዛቢው ከሄደ በኋላ፦ የዓለም አቀፍ ምርጫ ታዛቢ ተልዕኮ አመጣጥ፣ አሠራርና የሞያሌ ጥያቄ

1. አንድ ስም፣ ሁለት ኮሮጆ

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። የሰሜኑ ወገን የኢትዮጵያ፣ የደቡቡ የኬንያ ነው። የኢትዮጵያው ወገን ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነው። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪው፣ ከመሃል አገር ለንግድ የወረደውም ሰው በአንድ ገበያ ይውላል፤ በብርም በሽልንግም ይገበያያል። ለቅሶ ለመድረስ ወይም ከብት ለመሸጥ ድንበር መሻገር የዕለት ተግባሩ የሆነው ሕዝብ ድምፅ ለመስጠት ሲሰለፍ ግን የሚተዳደረው በሁለት ሕግ ነው።

በኬንያ ሞያሌ ንዑስ ካውንቲ በምትገኘው በዳበል የሚኖር መራጭ በምርጫ ቀን ስድስት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ለፕሬዚዳንት፣ ለካውንቲ ገዥ፣ ለሴናተር፣ ለፓርላማ አባል፣ ለሴቶች ተወካይና ለካውንቲ ምክር ቤት አባል። እያንዳንዱ ወረቀት የየራሱ ሳጥን አለው፤ መራጩ እንዳይሳሳት የሳጥኑ ክዳን ከወረቀቱ ቀለም ጋር ይመሳሰላል። ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል የሚኖረው ዘመዱ ግን በጠቅላላ ምርጫ ቀን የሚይዘው ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። የአገሪቱን መሪ የሚመርጡት እሱ የመረጣቸው እንደራሴዎች ናቸው።

በሁለቱም ወገን ግን አንድ የሚመሳሰል ነገር አለ። የምርጫ ሰሞን ሲደርስ የድርጅት ስም የተጻፈበት ሰደርያ ለብሰው፣ ባጅ አንጠልጥለው፣ ማስታወሻ ደብተር ይዘው የሚመጡ እንግዶች አሉ። ኮሮጆ አይነኩም፣ ማንንም አያዙም፣ ያዩትን ጽፈው ይሄዳሉ። ሥራቸው ዓለም አቀፍ የምርጫ ታዛቢ ተልዕኮ ይባላል። ይህ ዓይነቱ ተቋም ከየት መጣ? እንዴትስ ይሠራል? ለዳበልና ለሞያሌ የፈየደው ምንድን ነው? የድንበር ሰው በሁለት የቀን መቁጠሪያ መኖር ስለለመደ እዚህም ሁለቱን እንጠቀማለን፤ ስለ ኢትዮጵያ ምርጫዎች ስናወራ ዓ.ም.፣ ለሌላው እ.ኤ.አ. ነው።

2. ምስክር ያስፈለገበት ምክንያት

ነገርን ከሥሩ ነውና ወደ 1857 እንመለስ። ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ በፓሪስ በተደረገው ስምምነት መሠረት የአውሮፓ ኃያላንና የኦቶማን መንግሥት ኮሚሽነሮች ወደ ሞልዳቪያና ዋላኪያ ተላኩ። የዛሬዋ ሩማንያ ከእነዚህ ሁለት ግዛቶች የተወለደች ናት። ጥያቄው ሕዝቡ ሁለቱ እንዲዋሐዱ ይሻል ወይስ አይሻም የሚል ነበር። በሞልዳቪያ የተካሄደው የመጀመሪያው ምርጫ መጭበርበሩ ሲገለጥ ውጤቱ ተሰርዞ እንደገና ተካሄደ። የምርጫ ትዝብት ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ልብ ይሏል፤ የተቋሙ የመጀመሪያ ሥራ ምርጫ አጽድቆ በማጨብጨብ አልጀመረም፤ ከተሰረዘ ምርጫ ጋር ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

ያኔ ምስክር ያስፈለገው ለድንበርና ለሉዓላዊነት ጥያቄ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1920 በሽሌስቪግ፣ በ1921 በላይኛው ሲሌዢያ፣ በ1935 በዛር ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ዓለም አቀፍ ኮሚሽኖች ተሰማርተዋል። እነዚህ ተመልካች ብቻ አልነበሩም፤ ምርጫውን የሚያስተዳድሩ፣ አንዳንዴም ወታደር የሚያዙ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህንን ልማድ ወርሶ በሞግዚትነት ይተዳደሩ ወደነበሩ ግዛቶች ወሰደው። በአፍሪካ ከሚጠቀሱት ቀዳሚዎች አንዱ በ1956 በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ቶጎላንድ የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ሕዝቡ ከጎልድ ኮስት ጋር መቀላቀልን መረጠ፣ በማግሥቱ ዓመትም የተቀላቀለችው አገር ጋና ተብላ ነጻ ወጣች።

የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ ምርጫውን የሚያዘጋጀው ራሱ ተወዳዳሪ ወይም ባለ ጥቅም ሲሆን ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሐሳብ ለቦረና ሽማግሌ እንግዳ አይደለም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ በጉሚ ጋዮ ጉባኤም ሕግ ሲመረመርና መሪ ሲተች ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ የመጣ ሕዝብ ተቀምጦ ያደምጣል። ልዩነቱ እዚያ ታዛቢው የነገሩ ባለቤት መሆኑ ነው፤ ሲያበቃም የትም አይሄድም።

3. በ1962 ወደ ሰሜን ድንበር የመጣው ኮሚሽን

የዓለም አቀፍ ታዛቢ ታሪክ ሲጻፍ እምብዛም የማይነሣ፣ ለሞያሌ ሰው ግን ከሁሉም የቀረበ አንድ ተልዕኮ አለ። ኬንያ ወደ ነጻነት ስትቃረብ እንግሊዞች የሰሜን ድንበር ወረዳ ይሉት የነበረው ሰፊ ግዛት ዕጣ አከራካሪ ሆነ። ጋሪሳ፣ ዋጂር፣ ማንዴራ፣ ኢሲኦሎ፣ ማርሳቢትና ሞያሌ በዚህ ግዛት ሥር ነበሩ። ወረዳው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያለ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት የተዘጋ ምድር ነበር። ሶማሊያ በ1960 ነጻ ስትወጣ በዚህ ግዛት የሚኖሩ ሶማሌዎች ከእሷ ጋር መቀላቀልን ጠየቁ፤ ሌሎች ደግሞ ከኬንያ ጋር መቆየትን ፈለጉ።

በ1962 ለንደን ላይ በተካሄደው የላንካስተር ሃውስ ጉባኤ የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝቡን ሐሳብ የሚያጠና ነጻ ኮሚሽን እንደሚልክ ቃል ገባ። ኮሚሽኑ ሁለት አባላት ነበሩት፤ አንዱ ናይጄሪያዊ የሕግ ሰው፣ ሌላው ካናዳዊ ጄኔራል። ከእንግሊዝም ከኬንያም ከሶማሊያም ያልሆኑ ሰዎች መመረጣቸው በዛሬው የታዛቢነት መርሕ ቢመዘን የሚያስመሰግን ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ወረዳውን ዞሩ፣ የየጎሣውን መልእክተኞች በሸንጎ አዳመጡ፣ ጽሑፍ ተቀበሉ፣ በታኅሣሥ ሪፖርታቸውን አወጡ። ኮሮጆ አልነበረም፤ የሕዝብ ሐሳብ የተለካው በመናገርና በመስማት ነው።

ያገኙት ግልጽ ነበር። በምሥራቁ የሶማሌ ምድር ያለው ሕዝብ እጅግ በሚበዛ ድምፅ ከሶማሊያ ጋር መቀላቀልን ይፈልጋል። በምዕራቡ በኩል ከኬንያ ጋር የመቆየት ፍላጎት አለ። እንደ ሞያሌ ያሉ ቅይጥ ስፍራዎች ደግሞ ተከፋፍለዋል። ለንደን ግን በመጋቢት 1963 የወሰነችው ሌላ ነው፤ ሶማሌዎቹ የሚበዙበት ምድር በኬንያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሰሜን ምሥራቃዊ ክልል እንዲሆን፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢትና ኢሲኦሎ ከዚያ ውጪ እንዲቀሩ። ሶማሊያ ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ወዲያው አቋረጠች። በዚያው ዓመት የተካሄደውን የኬንያ ምርጫ አብዛኛው የወረዳው ሶማሌ ረግጦ ወጣ። ኬንያ ታኅሣሥ 12 ነጻ ወጥታ ወሩ ሳያልቅ በሰሜኑ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ እስከ 1967 የዘለቀው የሽፍታ ጦርነትም ሥር ሰደደ። የልዩ ሥልጣን ሕጎቹ የተነሡት በ1991 ነው።

ኮሚሽኑ ሥራውን አላበላሸም። የታዘዘው ሐሳብ ሰምቶ እንዲያቀርብ ብቻ ነበር፤ አቀረበ። የሰማውን የሚቀበል ባለሥልጣን ግን በሪፖርቱ የመገዛት ግዴታ አልነበረበትም። የዛሬ ታዛቢ ተልዕኮዎችም የሚሠቃዩት በዚሁ በሽታ ነው፦ ማየት ይችላሉ፣ መጻፍ ይችላሉ፣ ማስፈጸም አይችሉም። የሰሜን ኬንያ ሰው «እናንተ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ» ብሎ እንግዳን ቢጠራጠር ያለ ምክንያት አይደለም።

4. ከነጻነት ምስክርነት ወደ መድብለ ፓርቲ

ሁለተኛው የዕድገት ዘመን የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ነው። በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የናሚቢያን የነጻነት ምርጫ ተቆጣጠረ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በዚያው ታዛቢዎች ላከ። ብዙም ሳይቆይ በኒካራጓ የአንዲት ሉዓላዊ አገር የራሷ ብሔራዊ ምርጫ ታየ። ይህ ትልቅ መታጠፊያ ነበር፤ ከዚያ በፊት ነጻ አገር ምርጫዋን ለውጭ ሰው ክፍት ማድረጓ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበርና። አውሮፓ ውስጥ የ1990 የኮፐንሃገን ሰነድ ፈራሚ አገሮች አንዳቸው የሌላውን ታዛቢ እንዲቀበሉ አደረገ፤ በማግሥቱ ዓመትም ዋርሶ ላይ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። የካርተር ማዕከል በ1989 በፓናማ ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ወዲህ አሠራሩን በአንድ መርሕ ሥር አዋለ።

በእኛ በአፍሪካ ቀንድ የዚህ ዘመን ዋና ምሳሌዎች ሁለት ናቸው። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢ ተልዕኮ ታይቶ ከመቶ 99.8 ለነጻነት ድምፅ ተሰጠ። ይህ የድሮው ዓይነት የሉዓላዊነት ምርጫ ነበር። ሌላው ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው የክልልና የወረዳ ምርጫ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጣ የጋራ ታዛቢ ቡድን ተሰማርቶ ነበር። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩ ከምርጫው ወጣ፤ በሰፊው የኦሮሞ ምድርም መራጩ እውነተኛ አማራጭ አላገኘም። ታዛቢዎቹ ከጻፉት ዋናው ነገር ይህ ፉክክር አልባነት ነበር። በጎረቤት ደግሞ በታኅሣሥ 1992 ኬንያ ከአንድ ፓርቲ ዘመን በኋላ የመጀመሪያውን የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ስታካሂድ የጋራ ብልጽግና አገሮች (ኮመንዌልዝ) ታዛቢዎች ጉድለቱን ዘርዝረው፣ ሂደቱን ግን ወደፊት የተራመደ እርምጃ አድርገው ተቀበሉት።

«ጉድለት አለው ነገር ግን» የሚለው አነጋገር ያኔ ተወለደ ማለት ይቻላል። በአፍሪካ ጋዜጦች ሲቀለድበት የኖረ አነጋገር ነው፤ ቀልዱም የሚገባው ነበር።

5. አደረጃጀቱ

የዛሬው ተልዕኮ ቅርጽ የተረጋጋው በ2005 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት 27 በኒው ዮርክ የዓለም አቀፍ የምርጫ ትዝብት መርሖች መግለጫና የታዛቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ጸደቀ። ዋና ሐሳቦቹ ጥቂት ናቸው። ተልዕኮ በግብዣ ይሄዳል፤ በሂደቱ ጣልቃ አይገባም፤ ያየውን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል፤ ዴሞክራሲያዊ ላልሆነ ሂደት ማስመሰያ እንደሚሆን ካወቀ ከነጭራሹ አይሄድም። የአፍሪካ ኅብረት የራሱን መርሖች በ2002 በደርባን አውጥቶ ነበር፤ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተሩ በጥር 2007 አዲስ አበባ ላይ ጸድቆ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። የተባበሩት መንግሥታት ራሱ ዛሬ ለመታዘብ እምብዛም አይወጣም፤ ለዚያ የጸጥታው ምክር ቤት ወይም የጠቅላላ ጉባኤው ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ትኩረቱ ለምርጫ ቦርዶች የሙያ እርዳታ መስጠት ነው።

ተልዕኮው ሲዋቀር መጀመሪያ ከአስተናጋጁ መንግሥትና ከምርጫ ቦርዱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፤ የታዛቢዎች የመንቀሳቀስ ነጻነት፣ ይዘው የሚገቡት የመገናኛ መሣሪያና ደኅንነታቸው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ተልዕኮ ሳይወለድ የሚሞተውም በዚሁ ጠረጴዛ ነው። ከላይ የተልዕኮው መሪ አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት ዘንድ ዘወትር የአውሮፓ ፓርላማ አባል፣ በአፍሪካ ኅብረት ዘንድ ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ወይም ርዕሰ መንግሥት። ከሥሩ በዋና ከተማ የሚቀመጥ ዋና ቡድን አለ፤ የሕግ፣ የምርጫ፣ የፖለቲካና የመገናኛ ብዙኃን ተንታኞች። ከዚያ የረጅም ጊዜ ታዛቢዎች ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ምርጫው ሊካሄድ ሳምንታት ሲቀሩ ወደ ክፍለ አገር ይወርዳሉ፣ የመራጮች ምዝገባን፣ ቅስቀሳን፣ የአቤቱታ አሰማምን ይከታተላሉ። የአፍሪካ ኅብረት ይህንን የረጅም ጊዜ አሠራር ወደ ልማዱ ያስገባው ከ2013 ወዲህ ነው። በመጨረሻ የአጭር ጊዜ ታዛቢዎች ይመጣሉ፤ ለጥቂት ቀናት።

የአጭር ጊዜ ታዛቢ ሥራ በዝርዝር ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጎሕ ሲቀድ ጣቢያ ይደርሳል፤ ኮሮጆው ባዶ መሆኑን ለሁሉም ማሳየታቸውን፣ የማሸጊያውን ቁጥር በመዝገብ መጻፋቸውን ያያል። ቀን ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፤ በየደረሰበት ወኪሎች ተቀምጠው እንደሆነ፣ ወታደር በር ላይ ቆሞ እንደሆነ፣ ጣት ላይ ቀለም እየተቀባ እንደሆነ በቅጽ ይሞላል። ማታ ቆጠራ ላይ ይቀመጣል። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። የጣቢያው ውጤት በቅጽ ተጽፎ፣ ወኪሎች ፈርመውበት፣ ግልባጩ በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ የዚያ ምርጫ ጣቢያ እውነት ለመንደሩ ሁሉ ይታወቃል። በማግሥቱ ከላይ የሚታወጀው ቁጥር ከዚያ ወረቀት ጋር ካልገጠመ ሌባው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት ሰነድ ይወጣል። ምርጫው በተደረገ በሁለትና በሦስት ቀን የመጀመሪያ መግለጫ፣ ከወራት በኋላ ምክረ ሐሳብ ያለበት የመጨረሻ ሪፖርት። ጋዜጠኛው ሁሉ የሚሯሯጠው ለመጀመሪያው ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው።

6. ኢትዮጵያ፦ ከግንቦት 1997 እስከ ሰኔ 2013

በኢትዮጵያ ተቋሙ ከፍ ያለውም የወደቀውም በግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ኅብረትም የካርተር ማዕከልም በይፋ ተጋበዙ። በዚያው ሰሞን ግን ለፓርቲዎችና ለምርጫ ሥራ ሙያዊ ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ ሦስት የአሜሪካ ድርጅቶች ከአገር ተባረሩ። የአገር ውስጥ ታዛቢዎች ደግሞ የምርጫ ቦርዱ ያወጣውን መመሪያ በፍርድ ቤት ተከራክረው ያሸነፉት ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር፤ ድሉ ለዝግጅት የሚበቃ ጊዜ አልነበረውም። የድምፅ መስጫው ቀን በሰልፍ ርዝመቱ የሚወሳ ሆነ። ከዚያ የውጤት መዘግየት፣ አቤቱታ፣ የሰኔና የጥቅምት ግድያ ተከተለ፤ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ። የአውሮፓ ኅብረት ሪፖርት ሂደቱ ከዓለም አቀፍ መለኪያ በታች ነው ሲል፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ረጅም መልስ በኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ ታተመ። አንድ መንግሥት ለታዛቢ ሪፖርት ነጥብ በነጥብ መልስ መጻፉ፣ ይዘቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሪፖርቱ ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው መጥበብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ የአገር ውስጥ ታዛቢው እግር ተቆረጠ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ምርጫ ገዢው ግንባር ከነአጋሮቹ ከ547 ወንበር ሁለት ሲቀረው ሁሉንም ያዘ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች መጥተው ነበር፤ መሪያቸው የመጨረሻውን ሪፖርት አዲስ አበባ ላይ እንዳያቀርብ ተከልክሎ ብራስልስ ላይ አቀረበ። በ2007 ምርጫ ከውጭ የመጣው የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ብቻ ነበር። አባላቱ 59 ነበሩ፤ የምርጫ ጣቢያው ግን በአሥር ሺሕዎች ይቆጠራል። ወንበሮቹም ሁሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ገቡ። ይህንን ትዝብት ብሎ መጥራት ለቃሉም ያስቸግራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጡት የሲቪል ማኅበረሰብ ዐዋጅ ቁጥር 1113 እና የምርጫ ዐዋጅ ቁጥር 1162 በሩን መልሰው ከፈቱ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ የአገር ውስጥ የሲቪል ድርጅቶች ኅብረት በሰፊው ታዘበ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ተልዕኮውን ሰረዘ፤ ያላስማማው የተልዕኮው ነጻነትና ይዞ የሚገባው የመገናኛ መሣሪያ ጉዳይ ነበር። ያ የመግባቢያ ሰነድ ጠረጴዛ ማለት ነው። የአፍሪካ ኅብረት በናይጄሪያ የቀድሞ ፕሬዚዳንት መሪነት መጣ።

ሞያሌን የሚመለከተው ግን ሌላ ነው። ኦሮሚያ በአብዛኛው ሰኔ 14 ድምፅ ሲሰጥ የሶማሌ ክልል ምርጫ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተዛወረ። በአንዲት የሁለት ክልል ከተማ አንዱ ወገን በክረምት መግቢያ፣ አንዱ ወገን በመስቀል ማግሥት ይመርጣል ማለት ነው። የአጭር ጊዜ ታዛቢ የመጣው ለሰኔው ነበር።

7. ኬንያ፦ ታዛቢው የተሳሳተበት፣ ፍርድ ቤት የተናገረበት

በኬንያ ተቋሙ የተፈተነው በታኅሣሥ 2007 ነው። ውጤቱ ከታወጀ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ተፈናቀለ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ውጤቱን እንዳላመኑ ተናግረው ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ሕይወት ያዳነው የታዛቢ መግለጫ ሳይሆን በአፍሪካ ኅብረት ስም የመጣው የሽምግልና ቡድን ነው። በየካቲት 2008 የተፈረመው ስምምነት ምርጫውን የሚመረምር ኮሚሽን፣ አዲስ የምርጫ አካል፣ በስተመጨረሻም የ2010 ሕገ መንግሥትን ወለደ። ዴሞክራሲን ማሻሻል ማለት ይህ ከሆነ፣ ከምርጫ ቀን ይልቅ ከምርጫ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ሥራውን የሠራው።

ሁለተኛው ፈተና ነሐሴ 2017 መጣ። የታወቁ የውጭ ታዛቢዎች ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን በማወደስ ተፎካካሪው በፍርድ ቤት እንዲከራከር መከሩ፤ መስከረም 1 ግን የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ስሕተቱ በጣቢያ ሳይሆን ውጤቱ ወደ ላይ በተላለፈበት መንገድ ላይ ነው ተባለ። ታዛቢዎቹ ማታ ጣቢያ ላይ ያዩት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ያላዩት ግን ሰርቨሩን ነው። በዚያ ያፈሩት ከባድ ነበር፤ ሊያፍሩም ይገባቸው ነበር።

በ2022 የምርጫ ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ ከሆኑ ጣቢያዎች የመጣውን፣ የጣቢያው ውጤት የሚጻፍበትን ቅጽ 34ኤ በሕዝብ ገጽ ላይ ዘረገፈው። በዳበል ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውና ናይሮቢ የሚታየው ቅጽ አንድ መሆኑን ማንም ስልክ ያለው ሰው ሊያመሳክር ቻለ። ያኔ የቀጠናው አገሮች ድርጅት የሆነውን የኢጋድን ታዛቢ ተልዕኮ የመሩት የኢትዮጵያ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ነበሩ። ከሰባቱ የኮሚሽኑ አባላት አራቱ ውጤቱን ባይቀበሉም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ቅጹን ክፍት ማድረግ ከመቶ ታዛቢ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

8. ካላንደሩ የማይደርስበት ቦታ

አሁን ወደ ሞያሌ። የ2010 ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን ሲፈጥር ሥልጣንና በጀት ወደ ማርሳቢት ከተማ ወረደ፤ ከሞያሌ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዚያ በፊት ናይሮቢ የነበረው ገንዘብ ቀርቦ ሲታይ የካውንቲ ገዥነት ለጎሣ ሞት ሽረት ሆነ። መጋቢት 2013 በተካሄደው ምርጫ የሬንዲሌ፣ የገብራና የቡርጂ ጥምረት በብዛት ትልቁ የሆነውን የቦረናን ወገን አሸንፎ ዋና ዋናዎቹን ወንበሮች ወሰደ። በድምፅ መስጫው ቀን ሞያሌ አልነደደችም። በነሐሴና በታኅሣሥ 2013 ግን ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ በሺሕዎች የሚቆጠር ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ ወታደር ገባ።

የታዛቢዎች የጊዜ ሰሌዳ ምን ይላል? የአጭር ጊዜዎቹ በመጋቢት ሄደዋል። የረጅም ጊዜዎቹም ከውጤቱ ክርክር በኋላ ተመልሰዋል። ሞያሌ ስትነድ ሪፖርቱ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ነበር። የተቋሙ ትልቁ ድክመት የማጭበርበርን ዘዴ አለማወቁ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ድክመቱ ቀን መቁጠሪያው ነው ባይ ነኝ። የድንበር ምርጫ የሚያልቀው ማን ተቀጠረ፣ ጉድጓድ ለማን ተቆፈረ፣ የግጦሽ ወሰን ለማን ተሰጠ የሚለው ሲለይ ነው፤ ያ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ለዚህ የተሠሩ ሌሎች ተቋማት አሉ። ኢጋድ በ2002 ካርቱም ላይ በተፈረመ ፕሮቶኮል የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት አቋቋመ፤ መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፣ የመስክ ተከታታዮችም አሉት። በታኅሣሥ 2015 የሁለቱ አገሮች መሪዎች እዚሁ ሞያሌ ተገናኝተው በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ለቦረና ዞንና ለማርሳቢት ካውንቲ የሰላምና የልማት የድንበር ተሻጋሪ ፕሮግራም ፈረሙ። እነዚህ ታዛቢው ከሄደ በኋላም የሚቆዩ ናቸው፤ ግን የምርጫ ሥልጣን የላቸውም። መጋቢት 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች በስሕተት ነው በተባለ ጥቃት ሲቪሎችን ሲገድሉ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ኬንያ ሸሸ። ያ ዓመት በየትኛውም የምርጫ ሰሌዳ ላይ የለም። በ2024 ዳበል አካባቢ ባለው የሂሎ የወርቅ ቁፋሮ ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ መንግሥትም ቁፋሮውን ዘጋ። የማዕድን ፈቃድ፣ የቦታ ባለቤትነት፣ የፖሊስ ተጠያቂነት እነዚህ ሁሉ የሕግ የበላይነት ጉዳዮች ናቸው፤ በምርጫ ታዛቢ ቅጽ ላይ ግን ሣጥን የላቸውም።

ተልዕኮዎቹን የሚልኩ ሁሉ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። ሁለት የረጅም ጊዜ ታዛቢዎችን በሞያሌ፣ አንድ በኬንያው አንድ በኢትዮጵያው ወገን፣ ውጤት ከታወጀ በኋላ ለአንድ ዓመት ያቆዩ። የአፍሪካ ኅብረትና ኢጋድ አዲስ አበባና ጅቡቲ ተቀምጠው ይህንን ለማድረግ ከብራስልስ ይልቅ ይቀርባሉ፤ አያድርጉ የሚያሰኝ ምክንያት አይታየኝም። ለአንባቢው ደግሞ፦ የመጨረሻ ሪፖርት ለሕዝብ የሚወጣ ሰነድ ነው፤ ምክረ ሐሳቦቹም በቁጥር የተዘረዘሩ ናቸው። የማርሳቢት ተወዳዳሪ ዳበል ሲመጣ ወይም የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል ተወዳዳሪዎች ሞያሌ ሲመጡ፣ ካለፈው ሪፖርት የትኛውን ምክረ ሐሳብ ለማስፈጸም እንደሠሩ በስብሰባ ፊት ጠይቋቸው፤ መልሱንም ጻፉት።